የማይለቅ የብሽሽት ሕመምና የዳሌ ካርቲሌጅ መቀደድ

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የ29 ዓመት የስፖርት መምህር ቀኝ ብሽሽቱን ይዞ እያነከሰ ወደ ምርመራ ክፍሌ ገባ። ከተማሪዎቹ ጋር ኳስ ሲጫወት በአንድ እግሩ ቆሞ ሰውነቱን በድንገት ሲያዞር ብሽሽቱ ውስጥ ‹‹ቀጭ›› የሚል ነገር ተሰምቶታል። ጨዋታውን አላቋረጠም። ማታ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል ግን ሕመሙ መጣ። እኔም ወገቡንና ጉልበቱን ነካክቼ ‹‹ጡንቻህ ተስቦ ነው፣ ይለቅሃል›› አልኩትና ዳይክሎፌናክ አዝዤለት፣ የ10 ቀን ዕረፍት ጽፌለት ሸኘሁት። ዳሌውን አጥፌና አዙሬ አልመረመርኩትም። ስህተቴን በመግቢያው ላይ የማነሣው ብዙ ባልደረቦቼም የሚሠሩት፣ ዋጋውን ግን ታካሚዎች የሚከፍሉት ስህተት ስለሆነ ነው።

ተመልሶ ሲመጣ 14 ወራት አልፈው ነበር። በመካከሉ አንድ ቦታ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ መድኃኒት ወስዷል። ሌላ ቦታ ቡአ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ አልትራሳውንድ ተነሥቷል። ወጌሻ ዘንድ ሄዶም ሦስት ጊዜ ታሽቷል። በመጨረሻ በጓደኛው ምክር ከኪሱ ከፍሎ ኤምአርአይ ተነሣና ውጤቱን ይዞ መጣ። ወረቀቱ የቀኝ ዳሌው ላብረም መቀደዱን ይናገራል። አብረውት የመጡት እናቱ እኔ ወረቀቱን አንብቤ ሳልጨርስ ‹‹ዶክተር ልጄ፣ ዕቁብ ወጥቶልኛል፤ ወንድሙም ከዓረብ አገር ይልካል። ውጭ ሄዶ ኦፕራሲዮን ይደረግ፤ የት እንላከው?›› አሉኝ።

ያን ዕለት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ስለነበር በአጭሩ ነበር የመለስኩላቸው። ይህ ጽሑፍ ለእኚህ እናት ጥያቄ ረዘም ያለው መልስ ነው።

ላብረም ምንድን ነው?

የዳሌን መገጣጠሚያ ለመረዳት ሙቀጫና ዘነዘናን ያስቡ። የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ በዳሌ አጥንት ላይ ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለቱም አጥንቶች በሚገናኙበት ገጽ ላይ በሚያንሸራትት ልም አጥንት ወይም ካርቲሌጅ ተለብጠዋል። ከዚህ ሌላ በጎድጓዳው ስፍራ ከንፈር ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ጠንካራና ተለጣጭ የካርቲሌጅ ቀለበት አለ። ላብረም የሚባለው እርሱ ነው። ሥራው ከፕሬዠር ኩከር ክዳን ጎማ ጋር ይመሳሰላል፤ መገጣጠሚያውን የሚያለሰልሰው ፈሳሽ እንዳይወጣ ያሽጋል፣ ኳሱም በቦታው ጸንቶ እንዲቆይ ያግዛል።

ይህ ቀለበት ሲቀደድ በቀላሉ መልሶ አይጋጠምም፤ በተለይ የውስጠኛው ጠርዝ የሚያገኘው ደም በጣም ጥቂት ነው። ነገር ግን ቀዳዳው አልተጋጠመም ማለት ሕመሙ አይለቅም ማለት አይደለም። ይህ ልዩነት ለጽሑፉ ቁልፍ ስለሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

መቀደዱ በአንድ ጊዜ አደጋ ሊመጣ ይችላል፤ መውደቅ፣ የመኪና ግጭት፣ እግር መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነት ሲዞር። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከጀርባው የአጥንት ቅርጽ አለ። እ.አ.አ በ2003 ስዊዘርላንዳዊው የአጥንት ሐኪም ራይንሆልድ ጋንዝና የበርን ከተማ ባልደረቦቻቸው፣ በወጣትነት ለሚጀምር የዳሌ ሕመምና ኋላ ለሚመጣው የመገጣጠሚያ መበላት አንዱ ምክንያት የሁለቱ አጥንቶች መጋጨት መሆኑን በዝርዝር አስረዱ። በአንዳንድ ሰው የጭን አጥንት አንገት ላይ ትርፍ ጉብታ ይኖራል፤ በሌላው የጎድጓዳው ከንፈር ከሚገባው በላይ ወጥቶ ኳሱን ይሸፍናል። ሰውየው ጉልበቱን ወደ ደረቱ ባጠፈ ቁጥር ላብረሙ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ይቆነጠጣል። ዓመታት ሲቆጠሩ ይላላል፣ ይቀደዳል። የስፖርት መምህሩ ያቺን ቀን በኳስ ሜዳ የተሰማው ‹‹ቀጭታ›› ምናልባት ለዓመታት የተጠራቀመ ነገር መጨረሻ ነበር።

ሕመሙ የት ነው?

ብዙ ሰው ‹‹ዳሌዬን አመመኝ›› ሲል የሚያሳየው የጎኑን አጥንት ወይም መቀመጫውን ነው። የመገጣጠሚያው ሕመም ግን በአብዛኛው የሚሰማው ከፊት፣ ብሽሽት ላይ ነው። ታካሚው የሚያመውን ቦታ እንዲያሳይ ሲጠየቅ አውራ ጣቱን ከኋላ፣ አራቱን ጣቶቹን ከፊት አድርጎ ዳሌውን በመዳፉ እንደመቆንጠጥ ይይዘዋል። ሐኪሞች ይህን የሲ ምልክት ይሉታል። መምህሩ ሁለተኛ ሲመጣ እጁን ልክ እንዲህ ሲያደርግ አየሁት። በመጀመሪያውም ቀን ሳያደርገው አልቀረም፤ እኔ ነኝ ያላየሁት።

ሕመሙ ረጅም ሰዓት ሲቀመጡ ይብሳል። በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበት ታጥፎ አንድ ሰዓት መጓዝ፣ በዱካ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት፣ ቁጢጥ ማለት፣ ካልሲ ማጥለቅ፣ ከመኪና መውረድ፣ መስገድ፤ እነዚህ ሁሉ ዳሌን በጣም የሚያጥፉ እንቅስቃሴዎች ናቸው። አንዳንዱ መገጣጠሚያው እንደተያዘበት ወይም ‹‹ቀጭ ቀጭ›› እንደሚል ይናገራል። ሕመም የሌለበት ድምፅ ብቻውን ግን አያሳስብም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ከላብረም የበለጠ የሚያስቸኩሉ ነገሮችን ማንሣት አለብኝ። ሯጭ ወይም በድንገት ሥልጠና ያበዛ ሰው ብሽሽቱን ሲያመውና ክብደቱን እግሩ ላይ ሲጥል ሕመሙ ሲብስ የጭን አጥንት አንገት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ መሮጥ አጥንቱን ፈጽሞ ሊሰብረው ይችላል። ከዳሌ ሕመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ካለ የአጥንት ቲቢ ወይም የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን መታሰብ አለበት። እንደ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው፣ ለመወፈር ብለው ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚውጡትን ጨምሮ፣ የጭን አጥንቱ ራስ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ልጅ ሳይወድቅ ካነከሰ ወይም ‹‹ጉልበቴን›› እያለ የጉልበቱ ምርመራ ጤናማ ከሆነ ዳሌው መታየት አለበት። እነዚህ ሁሉ ‹‹እስቲ ይለቀው ይሆናል›› ተብለው የሚጠበቁ አይደሉም።

ወጌሻን በተመለከተ፣ ለሙያው አክብሮት ቢኖረኝም ላብረም ከወፍራም ጡንቻና ከመገጣጠሚያ ሽፋን በታች የተቀመጠ በመሆኑ የማንም ጣት አይደርስበትም። ዳሌን በኃይል ማጠፍና ማዞር ደግሞ ላብረሙን የሚቆነጥጠው ያው እንቅስቃሴ ነው።

ወረቀቱ የሚለውና ሰውየው የሚለው

ሐኪሙ ታካሚውን በጀርባው አስተኝቶ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ያጥፋል፣ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ እግሩን ወደ ውጭ ያዞራል። ይህ የተለመደውን ሕመም ከቀሰቀሰው ችግሩ ከመገጣጠሚያው ውስጥ የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። ቀጥሎ የሚታዘዘው ራጅ ነው። ራጅ ላብረምን አያሳይም፤ ነገር ግን የአጥንቱን ቅርጽ፣ ጉብታውን፣ በአጥንቶቹ መካከል የቀረውን ክፍተት ያሳያል። ዋጋውም ከኤምአርአይ ጋር አይወዳደርም። የእኛ መምህር ውዱን አስቀድሞ ርካሹን ሳይነሣ ነበር የመጣው።

ኤምአርአይ አንዳንዴም መገጣጠሚያው ውስጥ ንጥረ ነገር ተወግቶ የሚነሣ ሲሆን መቀደዱን በተሻለ ያሳያል። ችግሩ ከሚገባው በላይ ማሳየቱ ነው። እ.አ.አ በ2012 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ምንም የዳሌ ሕመም የሌለባቸውን 45 ፈቃደኞች በኤምአርአይ አይቷል። አማካይ ዕድሜያቸው 38 ገደማ ነበር። ከታዩት ዳሌዎች 69 በመቶው ላይ የላብረም መቀደድ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች ይሮጣሉ፣ ይሠራሉ፣ አያማቸውም። ስለዚህ ‹‹ተቀድዷል›› የሚል ወረቀት ብቻውን ቀዶ ሕክምና አያዝም። ወረቀቱ፣ ሕመሙና የሐኪሙ ምርመራ አንድ ነገር ሲናገሩ ነው መታመን ያለበት። ሲያጠራጥር መገጣጠሚያው ውስጥ ማደንዘዣ ይወጋል፤ ሕመሙ ለሰዓታት ጥፍት ካለ ምንጩ እዚያ መሆኑ ይታወቃል።

ለእናቱ መጀመሪያ የነገርኳቸውም ይህንኑ ነበር። ደስ አላሰኛቸውም። ልጃቸው ከአንድ ዓመት በላይ ሲሰቃይ ቆይቶ አሁን ሐኪሙ ‹‹ቆይ›› ይላቸዋል።

ከቢላዋ በፊት

ከጅምሩ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው። ለቀሪው ቢያንስ ሦስት ወር በባለሙያ የሚመራ ፊዚዮቴራፒ ይቀድማል። ዓላማው የተቀደደውን መስፋት ሳይሆን በመቀመጫ፣ በሆድና በጭን ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ጠንክረው ኳሱን በቦታው እንዲይዙ ማድረግ ነው። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ማንሣት፣ በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ቀጥ አድርጎ ማንሣት ከመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ናቸው። ቀላል ይመስላሉ፤ መምህሩ ራሱ ‹‹ይህን እኮ ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ነው የማሠራው›› ብሎኝ ነበር። በአሥረኛው ላይ ግን ቀኝ ጎኑ ተንቀጠቀጠ።

ከዚህ ጎን ለጎን ኑሮን ማስተካከል ይገባል። ከዱካ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር፣ መኪና ውስጥ ከመቀመጫ ሥር ትራስ፣ በጎን ሲተኙ በጉልበቶች መካከል ሌላ ትራስ። በሚኒባስ የሚቻል ከሆነ እግር የሚዘረጋበትን ወንበር መጠበቅ። በጾም ወራት ብዙ የሚሰግዱ ምእመናን ከንስሐ አባታቸው ጋር ቢመካከሩ፣ ሙስሊም ወገኖችም ሕመሙ እስኪሻል በወንበር ቢሰግዱ መገጣጠሚያው ያርፋል። ብሽሽትን ‹‹ለማፍታታት›› በኃይል መለጠጥ ግን ያባብሳል፤ ስፖርተኞች ይህን ለመተው በጣም ይቸገራሉ።

እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ለአጭር ጊዜ ይረዳሉ። መምህሩ ግን እኔ ለ10 ቀን ያዘዝኩለትን መድኃኒት ከመድኃኒት ቤት እየገዛ ለወራት ወስዶታል። እነዚህ መድኃኒቶች በረዘመ አጠቃቀም ጨጓራን ሊያቆስሉና ሊያደሙ፣ ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ። የቆየ ማዘዣ ዳግም አይሠራም።

ቀዳዳው ትንሽ፣ ሥራው ትልቅ

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሕመሙ ካልለቀቀ፣ የአጥንቱ ቅርጽ ላብረሙን መቆንጠጡን ከቀጠለና መገጣጠሚያው ገና ካልተበላ፣ በካሜራ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ወይም አርትሮስኮፒ ይታሰባል።

ዘዴው በጉልበት ላይ ከተለመደ ቆይቷል። ዳሌ ግን ጥልቅና ጥብቅ በመሆኑ ዘግይቶ ነው የተደፈረው። እ.አ.አ በ1931 የኒውዮርኩ ሐኪም ማይክል በርማን በአስከሬን መገጣጠሚያዎች ላይ ሞክረው፣ በጭኑ ራስና በጎድጓዳው መካከል መርፌ እንኳ ማስገባት እንደማይቻል ጽፈው ነበር። መፍትሔው ኋላ የተገኘው እግርን በመጎተት ነው። ታካሚው ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት በልዩ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፤ እግሩ ተጎትቶ መገጣጠሚያው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይከፈታል። ሐኪሙ በራጅ እየተመራ ሁለት ወይም ሦስት፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ሴንቲ ሜትር የማይበልጡ ቀዳዳዎች ያበጃል። በአንዱ ካሜራ፣ በሌላው ረጃጅም ቀጫጭን መሣሪያዎች ይገባሉ። ቀድሞ የተቀደደውን ላብረም ቆርጦ ማውጣት የተለመደ ነበር። ዛሬ ከተቻለ ጥቃቅን መያዣዎች አጥንቱ ላይ ተተክለው በክር ወደ ቦታው ይሰፋል። ከሁሉ በላይ ላብረሙን የሚቆነጥጠው የአጥንት ጉብታ መሞረድ አለበት፤ ምክንያቱ ካልተነሣ የተሰፋው ዳግም ይቀደዳልና። እግሩ ለረጅም ጊዜ ከተጎተተ ነርቭ ስለሚጎዳ መጎተቱ ከሁለት ሰዓት እንዳያልፍ ይደረጋል።

አሜሪካ ሜሪላንድ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረገችው በ36 ዓመቷ ነው። አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ናት፤ ማንሣትና መደገፍ የዕለት ሥራዋ ነው። ‹‹ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው ሲሉኝ የሳምንት ፈቃድ ነበር የጠየቅሁት›› እያለች ትስቃለች። በዕለቱ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ እዚህ ድረስ ግምቷ ልክ ነበር። ነገር ግን ሦስት ሳምንት በክራንች ሄደች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መገጣጠሚያው እንዳይጣበቅ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ያለ ጫና መርገጥ ነበረባት። በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ፣ በየቀኑ የቤት ልምምድ። ወደ ሥራዋ የተመለሰችው በአራተኛው ወር ነው። ይህ መጥፎ ዕድል ሳይሆን የተለመደ የማገገሚያ ጊዜ ነው፤ ስፖርተኞችም ወደ ሜዳ ለመመለስ ከአራት እስከ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል።

ከጉዳቶቹ መካከል የጭን ወይም የብልት አካባቢ መደንዘዝ (ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ የሚለቅ)፣ ኢንፌክሽን፣ የእግር ደም መርጋት፣ የመገጣጠሚያ መጣበቅ ይገኙባቸዋል። አብዛኞቹ የሚያጋጥሙት ጥቂት ሰው ነው። በእኔ ግምት ትልቁ ስጋት ሌላ ነው፤ ለማይሆን ሰው መደረጉ። ካርቲሌጁ ተበልቶ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከሁለት ሚሊ ሜትር በታች ለሆነ ሰው አርትሮስኮፒ አይጠቅምም፤ ብዙዎቹ ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ወደ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይሄዳሉ። ጎድጓዳው ስፍራ ከተፈጥሮው ጠለል ያለ ሰውም ላብረሙ ብቻ ቢሰፋ አይበቃውም፤ አጥንቱን የሚያስተካክል ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

ብሪታኒያዊው የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች አንዲ ሙሬይ ለዚህ ይጠቀሳል። እ.አ.አ በጥር 2018 ሜልቦርን ውስጥ ቀኝ ዳሌውን በዚህ ዘዴ ታከመ። የቻለውን ያህል ገንዘብና ባለሙያ ነበረው፤ ሕመሙ ግን አልለቀቀውም። በዓመቱ ለንደን ውስጥ በብረት ገጽ የማልበስ ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና በጥቅምት 2019 አንትወርፕ ላይ ዋንጫ አነሣ። ዳሌው ከትንሹ ቀዳዳ አልፎ ሄዶ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ለሚሆነው ሰው ምን ያህል ይጠቅማል? እ.አ.አ በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የብሪታኒያ ጥናት በአጥንት መጋጨት የተነሣ የዳሌ ሕመም ያለባቸውን 348 ሰዎች በ23 ሆስፒታሎች በዕጣ ለሁለት ከፍሏል፤ ግማሹ ለአርትሮስኮፒ፣ ግማሹ ለፊዚዮቴራፒ። ከዓመት በኋላ ከ100 በሚሰጥ የጤንነት ነጥብ አርትሮስኮፒ የደረሳቸው በአማካይ 59 ገደማ፣ ፊዚዮቴራፒ የደረሳቸው 50 ገደማ አገኙ። ሁለቱም ወገን ከነበረበት ተሻሽሏል። ቀዶ ሕክምናው በልጦ ተገኝቷል፤ ነገር ግን ማንንም በአማካይ ወደ 100 አላደረሰም። ‹‹ኦፕራሲዮን ተደርጌ እንደ አዲስ እሆናለሁ›› ብሎ የሚሳፈር ሰው ይህን ቁጥር ቢያውቅ እመርጣለሁ።

የዳሌ አርትሮስኮፒ ልዩ ጠረጴዛ፣ ልዩ መሣሪያና ብዙ ልምድ ይጠይቃል፤ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። ወደ ውጭ ለመሄድ የሚያስብ ቤተሰብ ከትኬቱ በፊት ራጁንና ኤምአርአዩን አገር ውስጥ ላለ የአጥንት ስፔሻሊስት ያሳይ። ውጭ ያለውን ሐኪም ደግሞ በዓመት ስንት ዳሌ እንደሚሠራ፣ ላብረሙን ይሰፋው ወይስ ይቆርጠው እንደሆነ፣ ጉብታውንም ይሞርደው እንደሆነ ይጠይቅ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ረጅም በረራ የደም መርጋት ስጋት ስላለው መመለሻው ቀን ከሐኪሙ ጋር መወሰን አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ከተመለሱ በኋላ ለወራት የሚቀጥለው ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ማን ይሠራዋል፣ ወጪውስ ከየት ይመጣል? የዕቁቡ ብር በሙሉ ለቀዶ ሕክምናው ካለቀ ሥራው ግማሽ ላይ ይቀራል።

የመምህሩ ራጅ የጭን አጥንት አንገቱ ላይ ጉብታ እንዳለና የመገጣጠሚያው ክፍተት ደህና እንደሆነ አሳየ። የአጥንት ስፔሻሊስቱ ለአርትሮስኮፒ የሚመች ዳሌ ነው፣ ግን ፊዚዮቴራፒው ይቅደም አሉ። በሦስተኛው ወር ደረጃ መውጣትና ረጅም መቀመጥ አላመመውም። ኳስ በኃይል ሲመታ ግን አሁንም ይይዘዋል። ከእንግዲህ መጫወት ወይም አለመጫወት የእርሱ ውሳኔ ነው፤ ለጊዜው ፊሽካ ይዞ ከሜዳው ጠርዝ ማስተማርን መርጧል።

ባለፈው ወር ለክትትል ሲመጣ እናቱም አብረውት ነበሩ። ‹‹እንግዲህ ብሩን ምን ላድርገው?›› አሉኝ።

‹‹ለጊዜው ይቀመጥ እናቴ›› አልኳቸው፤ ‹‹ከስድስት ወር በኋላ እንደገና እናየዋለን።››